ከችፑዱ ወዲያና ወዲህ

ጥሩ መምህር ምን ዓይነት ነው ብላችሁ ነቀምቴ ላይ ብትጠይቁ መልስ የሚያጣ ሰው አታገኙም። የባጃጁ ሾፌር ይነግራችኋል፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ይነግራችኋል፤ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠውማ ከሁሉም አስረዝሞ ይነግራችኋል። አንዱ ጥሩ መምህር የሚገርፍ ነው ይላል፣ ሌላው የማይገርፍ ነው ይላል። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ ጥሩ መምህር ማለት በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ ነው ብለው ሲደመድሙ ሰምቻለሁ። እንዲያማ ከሆነ ከትምህርት ቤታችን ደወል የሚበልጥ መምህር የለንም።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አፌን ሞልቼ ለመናገር ከሁሉም የበለጠ መብት አለኝ። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፤ ተሞግሼ ነው። በተማሪውም በመምህሩም በርዕሰ መምህሩም ፊት፣ በይፋ ግምገማ፣ ጥሩ መምህር ነህ ተብሎ የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ። የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ተሰቅሏል። ባለቤቴ በየቅዳሜው ትወለውለዋለች፤ እኔ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ስሜ ይማም ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ወለጋ የሰፈረ ሰው ነበር፤ ስለዚህ አማርኛዬ የወሎ፣ ኦሮምኛዬ የወለጋ ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋ ስከራከር ደግሞ ሁለቱም ተጋፍተው ይወጣሉ። በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አማርኛ አስተምራለሁ። በየትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው።

የማስተማር ዘዴዬ የማያሻማ ነው። እገባለሁ፣ «አካም ቡልተን» ብዬ ሰላም እላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ደብተር አውጡ እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማስጻፍ ነው። «ተውላጠ ስም ማለት፣ በስም ፈንታ የሚገባ ቃል ነው፣ አራት ነጥብ።» ኖቱን ድሮ በቃሌ ስላጠናሁት መጽሐፍ እንኳ አያስፈልገኝም። ደወል ሐረግ መሀል ቢቆርጠኝ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚያችው ሐረግ እነሳለሁ። ጥያቄም እጠይቃለሁ፤ ማንም ሳይጨነቅ እኔው እመልሰዋለሁ። ድምፄ ትልቅ ነው። እንቅልፍ የሚወስደው ተማሪ ቢኖር እንኳ ኖቱን በሕልሙ መስማቱ አይቀርም።

ፕሮግራም ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ዐሥረኛ ኤ ስገባ የፊዚክስ መምህርቷ ለሊሴ አጠገቡ ዐሥረኛ ቢ ትገባለች፤ ስንቀያየርም እንዲሁ ነው። በሁለታችን መካከል ያለው ችፑድ ብቻ ነው። ችፑድ ደግሞ ግድግዳ ይምሰል እንጂ ምስጢር አይይዝም፤ በወዲያኛው ክፍል ሰው ሲያነጥስ በወዲህኛው ክፍል ይማርህ ይባላል።

ለሊሴ የአርጆ ልጅ ናት። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን፣ እኔን እርስዎ እያለች የምታከብር ልጅ ናት። ማስተማሯ ግን መጀመሪያ ላይ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች። ዝም ስላችሁ በእውነት ዝም ነው፤ ያ ዝምታ በችፑዱ አልፎ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል፤ የእኔ ተማሪዎች እስክሪብቶአቸውን አንስተው ያዳምጡታል። ሞተች እንዴ እስክል ድረስ ትቆያለች። ከዚያ ከጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ ይነሳል፤ ሌላው ይቃወመዋል፤ ሦስተኛው ይገባበታል፤ በመጨረሻ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ፊዚክስ ምን የሚያስቅ ነገር እንዳለው እኔ በተማርኩበት ዘመን የነገረን አልነበረም።

ሌላም ጉድ ነበረባት። በየክፍሉ ሰሌዳ በቀኝ ጥግ በኩል በጠመኔ አራት ማዕዘን አስምራ «እንዳይጠፋ» ብላ ጽፋበታለች። ተማሪ ሲሳሳት፣ ስህተቱም ደህና ስህተት ከሆነ፣ እዚያ ማዕዘን ውስጥ ታሰፍረዋለች። ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ይሰነብታል፤ ልጆቹም ይህ ሰው እንዴት አስቦ እዚህ ደረሰ እያሉ ሲከራከሩበት ይከርማሉ። እናንተዬ፣ ስህተት የሚሾምበት ክፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆቹ እኮ ደህና ስህተት ለመሳሳት ይሽቀዳደሙ ነበር። እኔም ሰሌዳ ሳጠፋ ያቺን ጥግ እየዘለልኩ ነው የማጠፋው።

አንድ ሳምንት እዚያ ማዕዘን ውስጥ «ከባድ ነገር ከቀላል ነገር ቀድሞ መሬት ይደርሳል» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ታዲያ ምኑ ነው ስህተቱ ብዬ ደነገጥኩ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ እኔም የማምነው እንደዚያ ነበር። ማንን እጠይቃለሁ? ያንን ሳምንት ድምፄን ቀነስ አድርጌ እያስጻፍኩ በችፑዱ በኩል ጆሮዬን ተክዬ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ዕለት ጓሮ ወጥቼ አንድ ማንጎና አንዲት ሎሚ ከፍ አድርጌ አንድ ላይ ለቀቅኳቸው። አብረው ደረሱ። ደግሜ ለቀቅኳቸው፤ አሁንም አብረው ደረሱ። ባለቤቴ ከማድቤት በር ላይ ሆና አየችኝና ተመልሳ ገባች።

ወለጋ ላይ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ከመምህሩ በላይ ይናገራል። ያን ጊዜ እኛ ሌሎቻችን ጠመኔያችንን አስቀምጠን ቆመን እናያለን። እሷ ግን ጠመኔውን ለተማሪ ትሰጥና በምልክት ታስተምራለች፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ተነስቶ ይሰርዛል፣ ዝናቡ ሲያባራ ጥያቄው ተፈትቶ ይገኛል።

አሁን ወደ ግምገማው ልምጣ። በትምህርት ቤታችን በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ግምገማ አለ። መምህራን ከፊት ወንበር ላይ እንደረደራለን፤ የየክፍሉ ተወካዮች ተነስተው ስለ እያንዳንዳችን መልካሙንም ጉድለቱንም በፊታችን ይናገራሉ። ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ቶለሳ መሀል ተቀምጠው ይሰማሉ። ከዚህ ቀደም የሂሳቡ መምህር በዚህ ግምገማ እጅግ ተመስግኖ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ለቢሮ ሥራ ተፈለገና ሄደ። በተከታዩ ዓመት የባዮሎጂ መምህርቷ ተመሰገነች፤ እሷም ጉቴ ከተማ ርዕሰ መምህር ሆና ተሾመች። የአገራችን ልማድ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ማስተማር እንደሚችል ከተረጋገጠ ከማስተማር እናወጣዋለን።

የዘንድሮው ተራ ሲደርስ በእኔ ተጀመረ። የዐሥረኛ ቢ ሞኒተር ሲምቦ የምትባል ንቁ ልጅ ናት፤ እሷ ቀድማ ተነሳች። ባርሲሳ ይማም፣ መምህራችን ማለቷ ነው፣ ድምፃቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል አለች። የዐሥረኛ ኤው ቀጠለ፤ ኖት ሳያስጽፉን የቀሩበት ቀን የለም፣ ጠይቀው አያስጨንቁንም፣ የጠየቁትን ራሳቸው ይመልሱልናል አለ። ሌላዋ ተነስታ እኒህ ሰው ለእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ለከተማውም ለዞኑም የሚበቁ ናቸው አለች። አንዱ ጭራሽ፣ እንዲህ ያለውን መምህር እኛ ብቻችንን ይዘን መቅረታችን ራስ ወዳድነት ነው አለ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን ሁሉ ዘመን ስጽፍና ሳስጽፍ ለካ የሚያየኝ ነበር አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ያን ዕለት በሬው እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ የለሊሴ ተራ ሆነ። ሲምቦ እንደገና ተነሳች። ባርሲስቱ ለሊሴ ጠይቃን ዝም ትለናለች፣ አትመልስልንም አለች። ስህተታችንን ሳታጠፋ ሰሌዳ ላይ ትተዋለች አለች። ዝናብ ሲዘንብ ድምጿ አይሰማም አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ድፍረት መስሎኝ አደነቅኳት። የዐሥረኛ ኤውም መሬት መሬት እያየ ያንኑ ደገመ። አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ ያሉት ሁሉ የምታደርገው ነገር ነው። ለሊሴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ተነስታ «ገለቶማ ልጆቼ፣ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አስተካክላለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ምነው ባላለች ኖሮ። ሌላ ሰው ቢሆን አስተካክላለሁ ሲል ለወጉ ያህል ነው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ብያለሁ፣ ያስተካከልኩት ግን የኮቴን ክሳድ ብቻ ነው። እሷ ግን ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት።

ኦቦ ቶለሳ ወዲያው መፍትሔ አገኙ፤ መፍትሔውም የልምድ ልውውጥ የሚባለው ነው። ለሊሴ ክፍለ ጊዜ በሌላት ሰዓት የእኔ ክፍል ኋለኛ ወንበር ላይ እየተቀመጠች እኔ ሳስተምር እንድትከታተል ተወሰነ። እሷም ደስ ብሏት መጣች። ደብተር ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እኔ አራት ነጥብ ባልኩ ቁጥር ራሷን እየነቀነቀች ተከታተለችኝ። እኔም ሰው ነኝና ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩ። ያን ሰሞን በኮሪደሩ ስሄድ እርምጃዬ እንኳ የሹመኛ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳው ጥግ ላይ ያለው ማዕዘን ጠፋ። ከችፑዱ ወዲያ ያ ዝምታ ቀረ፤ ሳቁም አብሮት ቀረ። በምትኩ አንድ የሻከረ ድምፅ መምጣት ጀመረ፤ የፊዚክስ ኖቱን በእንግሊዝኛ ታስጽፍና መጨረሻው ላይ «ፉል ስቶፕ» ትላለች። ለስላሳ ድምፅ ሲጮህ እንዴት እንደሚያሳዝን አልነግራችሁም። ጉሮሮዋ ስለታመመ በየዕረፍቱ ዝንጅብል ታኝካለች። እኔም መጀመሪያ ላይ የተማረችልኝ መስሎኝ ኮራሁ፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቅር ይለኝ ጀመር። ማስጻፍ ላይ ሆኜ ቆም እልና ወዲያኛውን ክፍል አዳምጣለሁ። የምሰማው ራሴን ነው።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሲምቦ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ብቻዬን አገኘችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ዺፋማ ባርሲሳ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝና ነገሩን አወጣችው። የሂሳቡን አመሰገንን ወሰዱብን፤ የባዮሎጂዋን አመሰገንን ወሰዱብን፤ ባርሲስቱ ለሊሴንም እንዳይወስዱብን ተማክረን አማናት አለችኝ። አሁን ሄደን ዋሽተን ነው ብንላት፣ አዝናችሁልኝ ነው፣ ልባችሁ ደግ ነው ብላ አቅፋ መለሰችን አለች። ለኦቦ ቶለሳ እንዳንናገር ደግሞ በግምገማ ላይ ተመካክረው ዋሹ ተብለን ከትምህርት እንባረራለን፤ ለእሷ እርስዎ ይንገሩልን አለች።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔንስ ለምን አመሰገናችሁኝ አልኳት። መሬት መሬት አየች። የጫማዋን ጫፍ አሸት አሸት አደረገች። እርስዎማ፣ እድገት ይገባዎታል ብለን ነው አለችኝ። የሰው ልጅ ናት፤ እውነቱን እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ነው ያቀበለችኝ። ለካ ያ ሁሉ ምስጋና መሸኛ ኖሯል። በእልልታ ሊያስወጡኝ ነበር።

የባሰው ደግሞ አለመውጣቴ ነው። ኦቦ ቶለሳ ካለፈው ተምረዋል፤ ትምህርት ቢሮው ሰው ስጡን ሲላቸው፣ ጋሽ ይማምን ከምሰጥ ሞቼ እገኛለሁ ብለው መልሰዋል። ጥሩ መምህር አሁንስ አናስነካም አሉ። ልጆቹ ሊያስቀሯት የፈለጉት መምህርት አካሏ ቀረ እንጂ እሷ ሄደች፤ ሊሸኙት የፈለጉት ሰውዬ ደግሞ ሳይሄድ በእሷ ላይ ተጨመረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ስለ ትምህርት ቤታችን የተተረተ ይመስላል።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብላ ብትጠይቀኝ ራሴን አሞኛል አልኳት። ያመመኝ ራሴ አልነበረም። በእውነት ከተናገርኩ፣ ለመሸኛ መመስገኔ አልነበረም የከነከነኝ፤ ያቺ ከችፑዱ ወዲያ የነበረችው ክፍል ናት የናፈቀችኝ። እኔም እኮ የእሷ ተማሪ ነበርኩ፤ ስሜ በመዝገብ አልነበረም እንጂ። ጥሩ መምህር ማን ነው ብላችሁ አሁን ብትጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ፦ ተማሪው እንዳይወስዱበት ሲል የሚያማው ነው።

በማግስቱ ስታፍ ውስጥ ለሊሴን ለብቻዋ ይዤ ሁሉንም ነገርኳት። እውነቱን ለማስረዳት ራሴን ማዋረድ ነበረብኝ፤ አዋረድኩት። የእኔ እህት፣ ልጆቹ ያሙሽ ስለሚወዱሽ ነው፣ እኔን ያመሰገኑኝ እንድሄድላቸው ነው፣ እኔ ማስጻፍ እንጂ ማስተማር አላውቅም፣ ማዕዘንሽን መልሺ አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በቃ ገባት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ጋሽ ይማም፣ የተመሰከረለት ሰው የራሱን ምስጋና አንስቶ ለወደቀ ሰው ሲሰጥ በዕድሜዬ አላየሁም አለችኝ። ከእርስዎ ገና ብዙ መማር አለብኝ አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው እውነት ግን ከአፌ ሲወጣ ትሕትና ሆኖ ተመዘገበ።

ነገሩ በቃል የማይሆን ከሆነ በሥራ ይሁን አልኩ። የምታየው እኔን ነው፣ የምትቀዳው እኔን ነው፤ እንግዲያው እኔ ለሊሴን ከሆንኩ፣ እሷም ተመልሳ ራሷን ትሆናለች። ብልሃቴ ራሴን አስገረመኝ። ለክትትል በመጣችበት ክፍለ ጊዜ ጠመኔ አነሳሁና በሰሌዳው ቀኝ ጥግ ማዕዘን አሰመርኩ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ፣ ከሁለት ጓደኛሞች አንዱ ሲዋሽ ሌላው ምን ማድረግ አለበት፣ አንድ አንቀጽ የሚሆን ሐሳብ ስጡኝ አልኩ። ዝም አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን ነቀዝኩ። ልጆቹ እስክሪብቶ እንደያዙ መልሱን እንዳስጽፋቸው ይጠብቃሉ። እኔ እነሱን እጠብቃለሁ። ከፊት ያለው ልጅ «አራት ነጥብ ነው ወይስ ይቀጥላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። አንዷ ተነስታ ውሃ ላምጣልዎት አለችኝ። ሌላው ተስፈንጥሮ ወንበሬን አቀረበልኝ። ዝምታ የሚያስተምረው የለመደውን ብቻ ነው መሰለኝ፤ የእኔ ዝምታ የበሽተኛ ዝምታ ነበር። በመጨረሻ «ጻፉ» አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ በእፎይታ ጎንበስ አለ።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ለሊሴ ከኋላ ወንበር ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ዙሪያዋን አይታ ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ በዚያች በድሮዋ ለስላሳ ድምፅ፣ ጋሼ እባክዎ አይቀየሙኝ አለችኝ። ጠይቆ ዝም ማለትን ተማሪ አይወደውም፤ ስህተት የሚሰፍርበት ማዕዘንም አይወዱም፤ እኔ በሰው ፊት ተነግሮኛል፤ በእኔ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ ብዬ ነው አለችኝ። ከዚያ ዳስተሩን አንስታ ያሰመርኩትን ማዕዘን ቀስ አድርጋ አጠፋችልኝ።

ምን እላለሁ? አመሰግናለሁ አልኩ።

ይኸው አሁን ክረምቱ እየገባ ነው። ሰሌዳ ሳጠፋ እጄ ስለለመደ ያቺን የቀኝ ጥግ እዘልላታለሁ፤ የተጻፈባት ነገር የለም። ሲምቦ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች፤ ነገሯት ወይ ብላ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በዓይኔ ነገርኳት እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ደብተራችን ላይ እናቀረቅራለን።

ትናንት ኦቦ ቶለሳ በኮሪደሩ ሲያልፉ በሁለቱ በሮች መካከል ቆም አሉ። ከችፑዱ ወዲያ ያ የሻከረ ድምፅ «ፉል ስቶፕ» ይላል፤ ከወዲህ እኔ «አራት ነጥብ» እላለሁ። ለአፍታ ሁለቱንም አዳመጡ። ከዚያ አንገታቸውን በበሬ አስገብተው፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ «ጋሽ ይማም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አንድ ጥሩ መምህር ነበረን፣ አሁን ሁለት ሆኑልን» አሉኝ።